አንድ አድራሻ፣ ብዙ ተግባር፦ ከዩኤስቢ ባስ ድራይቨር ታሪክ



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ «አንድ መሣሪያ» የምንለው ምንን ነው? ማተሚያም ስካነርም የሆነ፣ በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ሣጥን ለዓይናችን አንድ ነው። ለስርዓተ ክወናው ግን ሁለት መሆን አለበት፤ የኅትመቱ ድራይቨር ስለ ስካነሩ ማወቅ አይጠበቅበትምና።

ባስ ብዙ መሣሪያዎች የሚጋሩት የመረጃ መንገድ ነው። የባስ ድራይቨር ተግባርም በዚያ መንገድ ላይ ማን እንዳለ አጣርቶ ለስርዓተ ክወናው ማስታወቅ ነው። ብዙ ተግባር ያለው መሣሪያ ሲመጣ መሣሪያው ራሱ እንደ ትንሽ ባስ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኮምፓክ፣ ዴክ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲ እና ኖርተል የዩኤስቢን የመጀመሪያ የቴክኒክ ደንብ አወጡ። አድራሻው 7 ቢት ስለሆነ በአንድ ባስ ላይ የሚገናኙት መሣሪያዎች ከ127 አይበልጡም። ብዙ ተግባርን በአንድ ሣጥን ለማኖር ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው በሣጥኑ ውስጥ ሃብ አስገብቶ ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱን አድራሻ መስጠት ነው። ሁለተኛው አድራሻውን አንድ አድርጎ ተግባራቱን በኢንተርፌስ መለየት ነው። ሁለተኛው ተጨማሪ ሃብ አይጠይቅም፤ በሃርድዌር የቀለለው ሸክም ግን ወደ ሶፍትዌሩ ተሻገረ።

ይህን ሸክም ማን ተሸከመው? በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ «አጠቃላይ ወላጅ» የሚባል ድራይቨር እናገኛለን። የመሣሪያውን መግለጫ አንብቦ ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ «ልጅ» ይፈጥራል፤ ስርዓቱም ለልጁ ለብቻው እንደተሰካ መሣሪያ ድራይቨር ይፈልግለታል። በታኅሣሥ 2003 በወጣው ሊኑክስ 2.6 ደግሞ ክፍፍሉ የከርነሉ የዩኤስቢ ክፍል የዘወትር ሥራ ነው፤ ድራይቨሩ የሚረከበው መላውን መሣሪያ ሳይሆን ኢንተርፌሱን ነው።

ሆኖም አንድ ኢንተርፌስ ሁልጊዜ አንድ ተግባር አይደለም። የቪዲዮ ካሜራ አንዱን ኢንተርፌስ ለቁጥጥር፣ ሌላውን ለምስል ፍሰት ይጠቀማል፤ ሁለቱን ለሁለት ድራይቨር ማከፋፈል ካሜራውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ በ2003 ተከታታይ ኢንተርፌሶችን በአንድ ተግባር ሥር የሚያስተሳስር መግለጫ በደንቡ ላይ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ራሱ «እነዚህ የአንድ ተግባር ናቸው» ብሎ መናገር ቻለ።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ የባስ ድራይቨር ስጽፍ መከፋፈሉን እንጂ መጋራቱን አላሰብኩም ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ሲፈተኑ በሚገባ ሠሩ። አብረው ሲሠሩ ግን አንዱ ሥራ በፈታ ቁጥር መላው መሣሪያ ያንቀላፋ ነበር፤ ሌላውም ሥራውን ሳይጨርስ ዝም ይል ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ የወላጁን ሥልጣን ለልጁ ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ አንድ የመብራት ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮችን ይመስላል። እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ነገር ግን አንዱ ተኛሁ ብሎ ቆጣሪውን ቢያጠፋ ጎረቤቱ በጨለማ ይቀመጣል። ቆጣሪው በግቢው ባለቤት እጅ መሆን አለበት። በዩኤስቢም አድራሻው፣ ኃይሉና ዳግም ማስነሣቱ የጋራ ናቸው። ወላጁ መሣሪያውን የሚያስተኛው ልጆቹ ሁሉ ሥራ ሲፈቱ ብቻ ነው፤ ዳግም ሲያስነሣውም ለሁሉም ማስታወቅ አለበት።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው «አንድነት» በሣጥኑ ቅርጽ የሚወሰን ሳይሆን በስምምነት የሚበየን መሆኑን ነው። ስምምነቱም እየተሻሻለ መጥቷል። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ኮድ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ በአንዱ የእያንዳንዱ ተግባር የግል የሆነውን፣ በሌላው ሁሉም የሚጋሩትን ጻፉ። ሁለተኛው ዓምድ የባስ ድራይቨራችሁ ዋነኛ ኃላፊነት ነው።