ውኃና የማራቶን ሯጭ፤ ከመከልከል እስከ ማዘዝ

የረዥም መንገድ ሩጫ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የአሸናፊው ስምና የገባበት ሰዓት ነው። ሯጩ በመንገድ ላይ ምን እንደ ጠጣ፥ ምን እንደ ለበሰና ምን እንደ ተጫማ ግን ሳይነገር ይቀራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህን የተተወውን ክፍል፥ በተለይም የውኃን ነገር ነው። ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት ውስጥ ለሯጭ የተሰጠው ምክር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተገላብጧል፤ በመጀመሪያ «አትጠጣ» ተባለ፥ በኋላ ደግሞ «ሳትጠማ ጠጣ» ተባለ። በሁለቱም ዘመን ምክሩን የተከተለ ሰው ተጎድቷል። ዛሬ ማራቶን ከሚሮጠው ሰው አብዛኛው ለሽልማት ሳይሆን ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የጥቂት ሻምፒዮኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

1ኛ. ውኃ የተነፈገበት ዘመን

የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በ1896 ከማራቶን እስከ አቴና ሲሮጥ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያሸነፈው ግሪካዊ ስፒሪዶን ሉዊስ ሥራው ከመንደሩ ከማሩሲ ወደ አቴና ውኃ እያመላለሰ መሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የውኃ ነጋዴ በመንገድ ላይ የጠጣው አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ነው ተብሎ ይተረካል። በዚያን ጊዜ ኃይል ይሰጣል ተብሎ የሚታመነው ወይን ጠጅና ኮኛክ ነበር እንጂ ውኃ አልነበረም።

የዚህ እምነት ክፋት ጎልቶ የታየው በ1904 በአሜሪካ፥ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ውድድር ነው። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ያህል ነበር፤ አጃቢዎቹ አውቶሞቢሎች በጥርጊያው መንገድ ላይ የሚያስነሡት አቧራም ሯጮቹን ያፍናቸው ነበር። የውድድሩ ሹም ጄምስ ሱሊቫን የሰው አካል ያለ ውኃ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለማየት ሲል ውኃ የሚገኝበትን ቦታ ሆን ብሎ አሳንሶታል ይባላል። ከተነሡት 32 ሯጮች የጨረሱት 14 ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣው ቶማስ ሂክስ ውኃ ስጡኝ ብሎ ቢለምን፥ ደጋፊዎቹ አፉን በስፖንጅ አራሱለት እንጂ እንዲጠጣ አልፈቀዱለትም፤ በምትኩ ስትሪክኒን የሚባለውን መርዝ ከእንቁላል ነጭ ጋር ቀላቅለው፥ በኋላም ብራንዲ ጨምረው ሰጡት። ሂክስ የጨረሰው ተደግፎ፥ ራሱን ሊስት ጥቂት ሲቀረው ነው።

በዚሁ ውድድር ስለ ልብስና ስለ ጫማ የሚነገርም ነገር አለ። ፌሊክስ ካርቫሃል የተባለው ኩባዊ ፖስተኛ የመጣው በዘወትር ልብሱ ስለ ነበር፥ ሱሪው ከጉልበቱ ላይ ተቆርጦለት ሮጠ፤ እንዲህም ሆኖ አራተኛ ወጣ። ከደቡብ አፍሪካ የመጡት የጽዋና ተወላጆች ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒም 9ኛና 12ኛ ሆነው ጨረሱ። እነዚህ ሰዎች አሠልጣኝና ሐኪም ተከትሏቸው የመጡ ሯጮች አልነበሩም፤ ዛሬ አማተር የምንለው ሯጭ ከእነርሱ ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1909፥ ሱሊቫን ባሳተመው የማራቶን መመሪያ በሩጫ ጊዜ መብላትና መጠጣት ልማድ እንዳይሆን መከረ። የሴንት ሉዊስ መከራ አሳቡን አላስለወጠውም ማለት ነው።

በ1912 በስቶክሆልም የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። በሙቀት ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 34 ናቸው። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ብሎ ሰውነቱን በሰም ቀብቶ ነበር ይባላል። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነውና፥ ላቡ እንዳይወጣ የከለከለው ሯጭ የገዛ ሰውነቱን እሳት በውስጡ ዘግቶበት ሮጠ፤ በመንገድ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። በዚያው ውድድር ሁለቱ ደቡብ አፍሪካውያን ኬን ማክአርተርና ክርስቲያን ጊትሻም ፊት ፊት ሲመሩ ጊትሻም ውኃ ለመጠጣት ቆመ። ባልንጀራው ይጠብቀኛል ብሎ ነበር ይባላል፤ ማክአርተር ግን ሳይቆም ሄዶ አሸነፈ። እንደዚህ ያለ ወሬ ከሯጭ ወደ ሯጭ ሲተላለፍ፥ የሚጠጣ ይሸነፋል የሚለውን አሳብ ማጽናቱ አይቀርም።

ይህ ልማድ በመጨረሻ በሕግ ተጻፈ። በ1953 የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደንብ ሯጭ ከ15 ኪሎ ሜትር በፊት መጠጥ እንዳይሰጠው፥ ከዚያም በኋላ አዘጋጆቹ ካቀረቡት በቀር ሌላ እንዳይወስድ ያዝ ነበር። በ1954 በቫንኩቨር በተደረገው የብሪታንያ ግዛቶች ጨዋታ እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ተከታዩን በ17 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስታዲየም ከገባ በኋላ እየወደቀ እየተነሣ ሄደ፤ የመጨረሻውን መስመር ግን ሳያልፍ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም። ጥማት ብቻ ጣለው ለማለት አይቻልም፤ በዚያ ሙቀት የያዘው ፍጥነት ትልቁ ምክንያት ነው። ነገር ግን የሰው ዓይን ያየው የወደቀውን ሰው ነው፤ የኋለኛው ዘመን ሰዎችም ምክንያቱን ሁሉ በውኃ እጦት ላይ ለመጫን ተዘጋጁ።

2ኛ. ሮማ፤ የሰዓትና የጫማ ነገር

በ1960 በሮማ የተደረገው ማራቶን ለእኛ ኢትዮጵያውያን የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፈው ግን የውድድሩ ሰዓት ነው። አዘጋጆቹ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲሉ ውድድሩን ያስጀመሩት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፥ ያበቃውም በችቦ ብርሃን ነው። የውኃውን ደንብ ሳይነኩ ሰዓቱን መለወጣቸው ከብዙ ባልዲ ውኃ የሚበልጥ ጥበብ ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ያን ውድድር በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፥ ዓለም የድህነት ምልክት አድርጎ የተመለከተው ነገር በእርግጥ የአስተዋይነት ውሳኔ ነበር። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ባልለመደው ጫማ ከመሮጥ በለመደው ባዶ እግር መሮጥን መረጠ። በ1964 በቶኪዮ ግን፥ ትርፍ አንጀቱ ከተቀደደ አርባ ቀን ሳይሞላው፥ ተጫምቶ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ስለዚህ የሮማ ትምህርት «ጫማ አውልቁ» የሚል አይደለም፤ «በውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ» የሚል ነው። አማተር ሯጭ ለውድድሩ ዋዜማ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ በውኃ ፊኛ ሲያነክስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

3ኛ. መጠጥ የታዘዘበት ዘመን

በ1965 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሮበርት ኬድና ረዳቶቻቸው ለእግር ኳስ ተጫዋቾች ውኃ፥ ስኳርና ጨው የቀላቀለ መጠጥ አዘጋጁ። ይህ መጠጥ ጌቶሬድ ተብሎ በ1967 ወደ ገበያ ወጣ። በ1969 ደግሞ ዊንደምና ስትሪደም የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ማራቶን ሯጭ በቂ ውኃ ባለመጠጣቱ ስለሚደርስበት አደጋ ጽፈው አሳተሙ። በ1970ዎቹም ደንቡ እየላላ ሄደ።

በዚሁ ጊዜ ሯጩ ራሱ ተለወጠ። በ1970 የመጀመሪያው የኒው ዮርክ ማራቶን ሲደረግ የተነሡት 127፥ የጨረሱት 55 ነበሩ። በ2019 በዚያው ከተማ የጨረሱት ከ53 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አራትና አምስት ሰዓት በመንገድ ላይ የሚቆዩ የቢሮ ሠራተኞች፥ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ናቸው። በ1996 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያወጣው መመሪያ በላብ የወጣውን ውኃ በሙሉ ለመተካት፥ ካልተቻለም ሆድ እስከ ቻለ ድረስ መጠጣት እንደሚገባ ሲያስተምር፥ ምክሩን ከማንም ይልቅ በጥንቃቄ የፈጸሙት እነዚህ ትጉሃን ነበሩ።

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአባቶች አባባል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከላቡ በላይ ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ጨው ይቀጥናል። በረዥም ሩጫ ጊዜ ኩላሊት ውኃ እንዳያወጣ የሚያዝ ሆርሞን ስለሚበዛ ትርፉ ውኃ በቶሎ አይወገድም፤ አእምሮም ያብጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ነው፤ ይህም የጥማት ድካም ስለሚመስል ረዳቱ ሌላ ውኃ ያጠጣዋል፤ መድኃኒት የመሰለው ነገር በሽታውን ያብሳል። የስፖርት መጠጥም ቢሆን ጨዉ ከደም ጨው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ከዚህ አደጋ አያድንም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በ1981 ከተደረገው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚረዝመው የኮምሬድስ ሩጫ በኋላ የታየውን ሕመም መነሻ አድርገው ዶክተር ቲሞቲ ኖክስና ባልደረቦቻቸው በ1985 ጻፉ። ሰሚ ግን አላገኙም። በ2002 በቦስተን ማራቶን አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ በዚሁ ምክንያት ሞተች። በዚያው ውድድር ደማቸው የተመረመረላቸው 488 ሯጮች ውጤት በ2005 ሲታተም ከመቶ 13 የሚሆኑት ጨዋቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኘ። ይበልጥ የተጋለጡትም ከመነሻው ይልቅ በመጨረሻው ክብደታቸው ጨምሮ የተገኙትና ከአራት ሰዓት በላይ የቆዩት ናቸው።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። በአምስት ሰዓት የሚጨርስና በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚያልበው ሯጭ በሰዓት አንድ ሊትር ቢጠጣ፥ ሲጨርስ ሁለት ሊትር ተኩል ትርፍ ውኃ ተሸክሟል። በሌላ በኩል በ2009 የዱባይን ማራቶን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲያሸንፍ ከክብደቱ ከመቶ 9.8 ቀንሶ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። መጽሐፉ ከመቶ ሁለት በላይ እንዳይቀንስ ሲል የነበረው ሰው ይህን ሲያይ መገረሙ አይቀርም። ይሁንና የኃይሌ ምሳሌ ለሁሉ አይሆንም፤ የቦስተኑ ሞትም ውኃን አያስጠላም።

4ኛ. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ሁለቱ ዘመናት የሚቃረኑ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሯጩን ጥማት ንቀው የውጭ ሰው ትእዛዝ አስቀድመዋል። መጀመሪያ ጥማት ድካም ነው ተባለ፤ ቀጥሎም ጥማት ዘግይቶ የሚመጣ ውሸታም ምስክር ነው ተባለ። በ2007 ያው የአሜሪካ ኮሌጅ ከልክ በላይ መጠጣትን አስጠነቀቀ፤ በ2015 በካሊፎርኒያ የተሰበሰቡ ሐኪሞችም በጥማት ልክ መጠጣት ከዚህ ሕመም እንደሚጠብቅ ተስማሙ። ማንኛውም እረኛና ነጋድ የሚያውቀውን ነገር ሳይንስ የደረሰበት ከመቶ ዓመት ጉዞ በኋላ ነው።

ይህ ጉዳይ አገራችንንም ይነካል። በ2001 በአዲስ አበባ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ብዙ ሺህ አማተር ሯጮችን ያሰልፋል። የከተማው አየር ቀዝቃዛ፥ ርቀቱም አጭር ስለ ሆነ አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ ለብዙው ሰው ይበቃል። ወደ ቆላ ወርዶ ወይም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሙሉ ማራቶን የሚሮጥ ሰው ግን ሦስት ነገር ቢይዝ መልካም ነው፤ በሙቀት ቀን ፍጥነቱን ይቀንስ፥ የለመደውን ጫማና ልብስ ይያዝ፥ ሲጠማው ይጠጣ፥ ሳይጠማው ይተው።

ለባልንጀሮቻችን ለተማሪዎችም አንድ አሳብ እናቀርባለን። ያሸናፊዎቹ ታሪክ ተጽፏል፤ ከኋላ የሚመጣው ብዙ ሕዝብ ምን እንደ ለበሰ፥ ምን እንደ ጠጣና ማን እንደ መከረው ግን በአገራችን ገና የሚሰበሰብ ነው። በሩጫው ማግሥት ደብተርና እርሳስ ይዞ ጎረቤቱን የሚጠይቅ ተማሪ ለታሪክም ለጤናም የሚጠቅም ሥራ ይሠራል።