የአምቦ ውሃና የደም ሚዛን

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሟን ያስጠራው ከምድር ጋዝ ይዞ የሚፈልቀው ማዕድን ውሃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል።

ቆርኪው ሲነሳ ተንፍሶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በውሃው የሚቀረው ባይካርቦኔት የጨጓራን አሲድ ያረክሳል። ከጥሬ ሥጋና ከቅባት ምግብ በኋላ ሆድ ያቀልላል ተብሎ የሚጠጣውም በዚህ የተነሳ ነው።

የደም የአሲድ ሚዛንም የሚጠበቀው በእነዚሁ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በባይካርቦኔት ነው። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 እንዲቆይ ባይካርቦኔት አሲዱን ይይዛል፤ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በትንፋሽ ያስወጣል፤ ኩላሊት ደግሞ የተረፈውን አሲድ በሽንት አስወግዶ ባይካርቦኔቱን ለደም ይመልሳል። ሳንባ በደቂቃዎች ይሠራል፤ ኩላሊት ቀናት ይፈጅበታል።