አውራ ጣት የሚያክል አርበኛ ምን ይያዝ?

ስለ ልጆች መጫወቻ ልጽፍ ስነሳ «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለፈው የካቲት የአሥር ዓመቱ ልጄ የዓድዋን ጦርነት በሌጎ ሠርቶ ለክፍል ጓደኞቹ ለማሳየት ፈለገ። ትንንሾቹ ሰዎች በቤታችን ሞልተዋል፤ ዓድዋ ላይ የሚያሰልፋቸው ትጥቅ ግን የለም።

የዴንማርኩ ኩባንያ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰውን ትንሽ ሰው ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዓመታት ፊቱ ቢጫ፣ መልኩም ሁለት ነጥብ ዓይንና ፈገግታ ብቻ ነበር። የእውነተኛ ሰው የቆዳ ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሲሠሩ ነው። በጦር መሣሪያ ረገድም ኩባንያው ቁጥብ ነው። የአውሮፓ ባላባት ሰይፍና ጦር ከጅምሩ ነበረው፤ የባሕር ወንበዴዎቹም እ.ኤ.አ. በ1989 የድሮ ጠመንጃ ይዘው ብቅ አሉ። የጎደለውን የሚሞሉት በየቤታቸው በሞዴል መሥሪያ የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው።

እኛም ስለታም ቢላዋ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚደርቅ ስቱኮ ገዝተን ተቀመጥን። ጋሻውን ከስስ ፕላስቲክ ክብ ቆርጠን፣ መሐሉን በስቱኮ አጎበጥነው። ጦሩ አስቸገረን፤ ዘንጉ ከ3.2 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የመጫወቻውን እጅ ይሰነጥቃል፣ ሲቀጥን ደግሞ ሾልኮ ይወድቃል።

አምስተኛውን ጦር ስሞርድ ልጄ «አባዬ፣ መድፍን በጦር ብቻ ነው ያሸነፉት?» አለኝ።

ሞረዱን አስቀመጥኩ። እኔም ያደግሁት «በጦርና በጋሻ» እየተባለልኝ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦርና ጎራዴ የያዘ ተዋጊ በርግጥ ነበር፤ አብዛኛው ግን ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ሬሚንግተንና ግራ የመሳሰሉ ጠመንጃዎችን ሲያከማቹ ኖረዋል፤ ጣልያንም ወዳጅ በነበረችበት ጊዜ መሣሪያና ጥይት ሰጥታቸዋለች። ፈጣን ተኳሽ የሆችኪስ መድፎችም ነበሯቸው።

ታዲያ ጠመንጃውን ከታሪኩ ስናወጣው ምን ይቀራል? ተአምር ብቻ! የግዢው ብልሃት፣ የዲፕሎማሲው ድርድር፣ ያን ሁሉ ሠራዊት ከየአቅጣጫው አሰባስቦ የመራው አስተዳደር፣ ሁሉም ይደበቃል። «አረመኔዎች በጦር» የሚለውን የቅኝ ገዢዎች ሥዕል እኛው በአድናቆት ስም እንደግመዋለን ማለት ነው። የጀግኖቹን ድፍረት ያወሳን እየመሰለን አእምሯቸውን ነሳናቸው።

ልጄና እኔ ሥራውን እንደገና ጀመርነው። የወንበዴዎቹን ጠመንጃ ሞርደንና አስረዝመን ከአሥሩ ተዋጊዎች ለሰባቱ አስያዝን፤ ሦስቱ ጦራቸውን ይዘው ቀሩ። ጋሻውን ለሁሉም ተውንላቸው፤ በግራ እጅ ጋሻ፣ በቀኝ እጅ ጠመንጃ።

ከአገር ርቀን ልጆች የምናሳድግ ወገኖቼ ሆይ፣ አውራ ጣት የሚያክል ሰው በቀኝ እጁ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኛስ ለልጆቻችን ከታሪካችን የቱን እያስያዝናቸው ነው?

ቸር ይግጠመን።