ነፋስ ወይስ ጭነት? የአኖፌለስ ስቴፈንሲ ዘረመልና የቆሼ መንገድ

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2018ቱ አሰሳ ከጎዴ እስከ ሰመራና ባቲ በ10 ከተሞች ታይታለች። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም።

ክርክሩ እንዴት ተዛመተች የሚለው ላይ ነው። እነ ዲያና ሁስቲስ በ2019 «ኔቸር» ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ማሊ ውስጥ ከ40 እስከ 290 ሜትር ከፍታ መረብ በፊኛ ሰቅለው የወባ ትንኞችን ያዙ። ከየአምስቱ አራቱ እንስት ነበሩ። በአንድ ሌሊት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በነፋስ ሊጓዙ እንደሚችሉም አሰሉ። መያዛቸውን አልጠራጠርም። የምቃወመው ግኝቱ ለእኛ አገር ማስረጃ ተደርጎ መጠቀሱን ነው። ከተያዙት መካከል ስቴፈንሲ የለችም። በተጨማሪም ነፋስ ትንኝን ሳያቋርጥ ቢበትን ኖሮ የጎረቤት ከተሞች ትንኞች ተመሳስለው የሩቆቹ ቀስ በቀስ በተለያዩ ነበር። ጭነት ግን ጥቂት መሥራቾችን አንስቶ ሩቅ ቦታ ይጥላል፤ ዘረመሉም ጎረቤትን ዘልሎ ከሩቅ ቦታ ጋር በመቀራረቡ ይታወቃል። የቀብሪ ደሃሯ ትንኝ የሚቶኮንድሪያ ዘረመል ከፓኪስታኗ ጋር ተቀራርቧል። ከፓኪስታን ኦጋዴን የሚያደርስ የአንድ ሌሊት ነፋስ የለም። በ1930 ብራዚል ናታል የተገኘችው አፍሪካዊት ትንኝም ከዳካር በፈጣን የፖስታ መርከብ እንደመጣች ይታመናል፤ ከደረቁ የሙዚየም ናሙናዎች የተነበበው ዘረመል አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ዝርያ መሆኗን አሳይቷል።

የ2018ቱ አሰሳ ናሙና ከመንገድ ዳር ከተሞች ስለተሰበሰበ መንገዱ መጉላቱ አይደንቅም የሚሉ አሉ። ናሙና የተወሰደበት ቦታ ግን የዘር ዝምድናን አይፈጥርም።

ጥያቄው በቡታጅራና በቆሼ በኩልም ሊፈተን ይችላል። እነ አበበ አንሙት በቡታጅራ አካባቢ ሆቤ፣ ዲራማና ውሪብ በተባሉ መንደሮች የወባ ትንኝን በከፍታ ቅደም ተከተል መርምረዋል። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ትንኝን በዳገቱ እንጂ በንግዱ አቅጣጫ አይከተልም። ቆሼ ቡታጅራን ከባቱ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት። የማረቆ በርበሬ ሲደርስ ጆንያ የሞላው ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሸራውን ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ ሮቶ፣ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ ሊጭን ይችላል። ስቴፈንሲ የምትራባው ደግሞ በአብዛኛው ውኃ በተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥ ነው።

እርግጥ፣ ለመደምደም ከየመንገዱ ቅርንጫፍ ተጨማሪ ናሙና ያስፈልጋል። የቆሼው ናሙና ከእርሻው ዳር ኩሬ ሳይሆን ከጎሚስታው ደጅ ከተቆለሉት ጎማዎችና ከግንባታ ሮቶዎች ይጀምር፤ ሁለተኛው ከባቱ፣ ሦስተኛው ከቡታጅራ መናኸሪያ ዙሪያ ይወሰድ።