የሸንጎ ምሥጢርና የጋሞ ዱቡሻ

በየመሥሪያ ቤቱ ቦርድ የሚባለው ሸንጎ ከተለመደ ወዲህ፣ ከተዘጋው በር ወደ ውጭ የሚወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ቦርዱ ወስኗል» ይባላል። በውስጥ ግን አምስቱ ደግፈው ሁለቱ ተቃውመው ይሆናል። ጸሐፊው ይህን በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል፤ መዝገቡም ይቈለፍበታል። ከሁለቱ አንዱ ወጥቶ «እኔስ አልተስማማሁም ነበር» ያለ እንደ ሆነ፣ ምሥጢር አባክኗል ተብሎ ይወቀሳል። ይህ ደንብ የሸንጎን ክብር ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ ጥፋትን ይሸፍናል የሚሉም አሉ። እኛ ግን ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት፣ ስብሰባን የኑሮው ምሰሶ ካደረገ ካንድ ያገራችን ሕዝብ ዘንድ ሄደን ነገሩን ብንመረምር ይሻላል እንላለን፤ ይኸውም የጋሞ ሕዝብ ነው።

ከአርባ ምንጭ ከተማ ሆኖ ወደ ደጋው ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የጋሞ ተራሮች እንደ ቅጥር ቆመው ይታያሉ፤ ከበታች በኩል ዓባያና ጫሞ የተባሉት ሐይቆች ተኝተዋል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጠባብ መሬት ይዘልቃል። ከተማይቱ አዲስ ናት፤ የጋሞ ጐፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ እርሷ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የደጋው ሥርዓት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከመድረሱ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። በዚያ ደጋ ደሬ የሚባሉ ወደ አርባ የሚጠጉ አገሮች ነበሩ፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎና ሌሎችም ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ሹማምትና የራሱ ጉባኤ ነበረው። ጉባኤውና ጉባኤው የሚቀመጥበት ሜዳ ባንድ ስም ዱቡሻ ይባላሉ።

በዱቡሻ አዳራሽ የለም፤ በርም የለም። ሰው በሣሩ ወይም በድንጋዩ ላይ በየማዕርጉ ይቀመጣል። አስቀድሞ ሽማግሎች ይመርቃሉ፤ ምርቃቱም ስለ አዝመራ፣ ስለ ከብትና ስለ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነገር ያለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ የማይስማማውም ተነሥቶ ይቃወማል። ካዎ የሚባል የደሬው አለቃ አለ፤ ነገር ግን ዋና ሥራው ስለ አገሩ መሥዋዕት ማቅረብ ነው እንጂ ብቻውን መፍረድ አይደለም። ሀላቃ የሚባሉ ሹማምት አሉ፤ እነርሱም ሰፊ ድግስ ደግሰው የሚሾሙ ሲሆኑ የጉባኤውን ቃል ያስፈጽማሉ እንጂ በጉባኤው ፈንታ አይወስኑም። ከሁሉ በላይ ያለው ዎጋ ነው፤ ዎጋ ማለት ከአባቶች የተላለፈ ሕግና ልማድ ነው። ዎጋን የጣሰ፣ በዱቡሻም ፊት ሐሰት የተናገረ ሰው ጎሜ ያገኘዋል ተብሎ ይታመናል፤ ጎሜውም በሽታ ወይም የአዝመራ ጥፋት እየሆነ ከበዳዩ አልፎ ለዘመዱና ለአገሩ ይተርፋል።

የጉዳያችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ በዱቡሻ ድምፅ አይቈጠርም። ክርክሩ ያላለቀ እንደ ሆነ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ አሁንም ካላለቀ እንደ ገና ይቀጠራል፤ ሁሉ ሊቀበለው የሚችል ቃል እስኪገኝ ድረስ ይነጋገራሉ። ማርክ አቤሌስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከገደል አፋፍ ላይ በተቈረቈረችው በኦቾሎ ተቀምጦ ይህንን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1983 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ ወዲህ የኦቾሎ ሜዳ በሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ግሪኮች ጉባኤ ጋር ጐን ለጐን ይነሣል። ግሪኮቹ ግን እጅ ይቈጥሩ ነበር፤ ኦቾሎዎች አይቈጥሩም። ስለዚህ «ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ» የሚለው ጥያቄ ከሰዎቹ ጋር ከሜዳው አይወጣም፤ የሚወጣው የደሬው ቃል ነው። ሁሉ ነገር በይፋ ተነግሮ ሳለ፣ ተሸናፊ ተብሎ የሚቈጠር ሰው አይኖርም። ቦርድ በቁልፍ የሚሻውን አንድነት ዱቡሻ በትዕግሥት ያገኘዋል ማለት ነው። እርግጥ ትዕግሥት ጊዜ ይፈጃል፤ የበጀት ዓመት የሚያልቅበት መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ እየቀጠረ ሊኖር አይችልም። ያም ሆኖ ይህ የሽምግልና ልማድ የጥንት ብቻ እንዳይመስል፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ቁጣውን እንዳበረዱት አገር ሁሉ አይቷል።

ወደ ሰሜን ብንሻገር ደግሞ ሌላ ብልሃት እናገኛለን። በ18ኛው መቶ ዓመት ጐንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በቤተ መንግሥቱ ሸንጎ ፍርድ ሲሰጥ አስቀድሞ የሚናገረው በማዕርግ የሚያንሰው ነበር። ተራው ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ንጉሡ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ይሰማል፤ በመጨረሻም ቃሉን ቃለ ሐፄ የተባለው ሹም ያሰማል። ታናሹ የታላቁን አሳብ ሳያውቅ ስለሚናገር፣ ቃሉን ለጌታው ጆሮ የሚያጣፍጥበት ጊዜ አያገኝም። በዚህ ሸንጎ የተሰወረው የታናሹ ድምፅ ሳይሆን የታላቁ ፊት ነው።

እንግዲህ ምሥጢር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መጠየቅ ያለብን ነገሩ ከማን ይሰወራል ብለን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመራጩ ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 58 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ለሁሉ ግልጽ እንዲሆን፣ ዝግ የሚሆነውም ከአባሎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት የደገፉት እንደ ሆነ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። ሁለቱ አይጣረሱም። መራጩ ደካማ ነውና ከኃይለኛ ዓይን ይሰወራል፤ ተመራጩ ግን አደራ ተቀባይ ነውና በአደራ ሰጪው ፊት ይቆማል። የቦርድ አባል ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል ቢሉ፣ እኛ ሁለተኛውን ነው እንላለን። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተር በውሳኔው አለመስማማቱን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስጽፎ ለኦዲተሮች ካስታወቀ ከኀላፊነት ነፃ ያወጣው ነበር። መዝገቡ ቢቈለፍም፣ ለተቃዋሚው ምስክር እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ያየነው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ የሚለው ቃል ራሱ ኮሚቴ ማለት መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በዚያን ቀን በዝግ ስብሰባ የተቀመጡት የደርግ አባሎች በእስረኞቹ ሕይወት ላይ እጅ በማውጣት ወሰኑ፤ በዚያው ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ጭምር ወደ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ሞቱ። በማግሥቱ ሬዲዮው የሟቾቹን ስም አሰማ፤ እጅ ያወጡትን ግን አልጠራም። እጅ የሚያወጣው ሰው ከሕዝብ ዓይን ተሰውሯል፤ ስብሰባውን ከሚመራው ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዓይን ግን አልተሰወረም። ምሥጢሩ ለደካማው መጠለያ፣ ለኃይለኛውም ገደብ አልሆነም፤ የሠራው ለሠሪዎቹ ብቻ ነው። ፍርዱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ሲጀምር፣ ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ማስረጃዎች መካከል የደርግ ቃለ ጉባኤዎች ነበሩባቸው። የጥፋተኝነቱ ፍርድ የተነበበው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው።

ይህን ስንል ዱቡሻን ያለ ልክ ለማመስገን አይደለም። በቀደመው ሥርዓት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በጉባኤው ከነባለ መሬቱ ጋር ተቀምጦ ለመናገር መብት አልነበረውም፤ ሴቶችም እንደዚሁ። ሜዳው በር ባይኖረውም የማይገባበት ሰው ነበር። ከገቡትም መካከል ድሃው፣ አበዳሪው ከፊቱ ተቀምጦ እያየው፣ ተነሥቶ «አልስማማም» ማለት ምን ያህል ይከብደው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዱቡሻው መጋረጃ አላበጀለትም፤ የጐንደርን ተራ አላበጀለትም፤ ዝም ያለ እንደ ሆነም ዝምታው ከስምምነት ይቈጠርበት ነበር።