ከባትሪ ድንጋይ እስከሚለጠጥ ባትሪ

ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የሚገባው ደረቅ ሴል በአማርኛ «ባትሪ ድንጋይ» መባሉ የውጭ መልኩን በትክክል ይገልጻል፤ ኃይሉ የሚመነጨው ግን ከቆርቆሮው ሥር ካለው፣ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ እርጥብ ውህድ ነው። የሚለጠጥና የሚጨመቅ ባትሪ ታሪክም ይህ ለስላሳ ውህድ በጠንካራ ዕቃ የታሸገበትን ምክንያትና ከዚያ ለማላቀቅ የተደረገውን ሙከራ የሚመለከት ነው።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ያሳወቀው ባትሪ፣ የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦች በየመካከላቸው በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ወይም ካርቶን እየገባ የተደረደሩበት ክምር ነበር። ክምሩ ከፍ ባለ መጠን የላይኞቹ ክቦች ክብደት የታችኛውን ጨርቅ ይጨምቀው ስለነበር፣ የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ክቦቹን ከጎን እያገናኘ ኃይሉን ያባክን ነበር። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ በ1866 ዚንክንና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድን ያጣመረ ሴል ሠራ፤ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ደግሞ በ1886 ፈሳሹን በጄሶ አወፍሮ በዚንክ ቆርቆሮ ውስጥ አሸገው። ቆርቆሮው መያዣ ብቻ ሳይሆን አሉታዊው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ከውህዱ ጋር ተነካክቶ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ዋልታ፣ ጭምር ነበር።

በቆዳ ላይ የሚለጠፉና ከሰውነት ጋር የሚተጣጠፉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች መሠራት ሲጀምሩ የቮልታ ችግር ተመልሶ መጣ፤ ለስላሳ ባትሪ ሲጨመቅ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ተነካክተው «ሾርት» ያደርጋሉና። በኦስትሪያ የሊንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ያቀረቡት መፍትሔ የሌክላንሼን ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ እንደ ሊጥ አለስልሶ በሚለጠጥ ላስቲክ ላይ መቀባት፣ ዋልታዎቹንም እንደ ቮልታ ከመደራረብ ይልቅ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ጆን ሮጀርስና የኖርዝዌስተርኑ ዮንጋንግ ሁዋንግ በ2013 የተከተሉት መንገድ ግን የተለየ ነው፤ ጥቃቅን የሊቲየም አዮን ሴሎችን ጠንካራ እንደሆኑ ትተው፣ በሲሊኮን ላስቲክ ውስጥ እንደ እባብ በተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች አያያዟቸው። ላስቲኩ ሲሳብ የሚፍታታው የሽቦው ጥምዝ እንጂ ሴሉ ስላልሆነ፣ ባትሪው እስከ 300 በመቶ ሊለጠጥ ቻለ።

ያልተፈታው ችግር የማሸጊያው ነው፤ የሚለጠጥ ላስቲክ እርጥበትን ቀስ በቀስ ያስገባል፣ የሊቲየም ሴል ደግሞ እርጥበትን አይችልም። ቆርቆሮው ውህዱን ከመጨመቅ ብቻ ሳይሆን ከአየርም ሲጠብቅ የኖረ በመሆኑ፣ ድንጋይነቱን የሚተካ ለስላሳ ነገር ማግኘት ከኬሚስትሪው ባልተናነሰ አድካሚ ሆኗል።