ከወናፍ እሳት እስከ ኤሌክትሪክ እሳት

በማጀቴ ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል፤ የብረት በር የሚያሠራ ደግሞ ወደ በያጅ ይሄዳል። ሁለቱም ሠራተኞች ብረትን ከብረት በእሳት ያጋጥማሉ፤ ነገር ግን እሳታቸው አንድ አይደለም። ይኸን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው አንድ የክፍል ጓደኛችን በሠፈሩ በር ሲበየድ ቆሞ በመመልከቱ፣ ሌሊቱን ዐይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲያቃጥለው ስላደረ ነው። ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረ። ሲመለስም፣ «ቀጥቃጭ ዕድሜ ልኩን እሳት ሲያይ ይኖር የለም ወይ? እኔን ምን ነካኝ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ ስላላገኘንለት ነገሩን ከጥንቱ ጀምረን ለመመርመር ተነሣን።

የቀጥቃጭ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ወናፍ፣ ከሰል፣ ጉጠት፣ መዶሻና መስፍ። ሁለት ብረት ለማጋጠም ሲፈልግ ሁለቱንም ነጭ እስኪሆኑ ያግላል፤ ከዚያም ደራርቦ ይቀጠቅጣቸዋል። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቀጥቃጩ ግን ብረቱን አያቀልጠውም፤ እንዲለሰልስ ብቻ ያደርገዋል። ቴርሞሜትር የለውም። አንድ በሥራው ያረጁ አባት ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ብረት በመልኩ ይናገራል፤ ሲቀላ ገና ነው፣ ሲነጣ ደርሷል፣ ፍንጣሪ ሲረጭ ግን ተቃጥሏል» አሉን። እንግዲህ የቀጥቃጭ ልጅ ሙያውን የሚማረው አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ እሳቱን በማየት ነው። መለኪያው ዐይኑ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ሕዝቡ በክፉ የተመለከተው ይኸንኑ ዐይን መሆኑ ነው። ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባለ፤ ዐይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ተፈራ፤ በብዙ ቦታም ከርስትና ከጋብቻ ተገለለ። እርሱ በሠራው ማረሻ ታርሶ፣ እርሱ በሠራው ማጭድ ታጭዶ የተገኘውን እህል እየበሉ ሠሪውን መሸሽ ምን ዓይነት ፍርድ እንደ ሆነ እኛ አልገባንም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ሽማግሌው አባት ስለዚህ ስንጠይቃቸው ዝም ብለው ወናፋቸውን መንፋት ቀጠሉ።

አዲሱ እሳት የተወለደው በውጭ አገር ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒኮላይ ቤናርዶስ የሚባል በሩስያ የሚኖር መሐንዲስ በከሰል ዘንግና በብረት መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሥቶ ብረትን በየደ። በ1888 እ.ኤ.አ. ኒኮላይ ስላቭያኖቭ በከሰሉ ፈንታ ራሱ የሚቀልጥ የብረት ዘንግ አስገባ። ከዚያም ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ ዘንጉን በመድኃኒት ቀባው፤ ቅቡ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤሌክትሮድ የዚህ ዘር ነው።

ወደ እኛ አገር ዘመናዊው የብረት ሥራ በብዛት የገባው ከመኪናና ከመንገድ ጋር ነው። ላሜራ፣ ፌሮ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው በትምህርት ቤት እንዲሰጥም በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈቱ። ዛሬ ግን ማሽኑ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በየሰዉ ግቢ ገብቷል። ብዙዎቹ በያጆች ሙያውን የተማሩት እንደ ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አጠገብ ቆሞ በማየት።

የጓደኛችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ብልጭታ ሙቀት ከ5,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ከብርሃኑም ጋር ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር በብዛት ይወጣል። ጨረሩ የዐይንን ፊተኛ ሽፋን እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቆስለዋል፤ ሕመሙ ግን የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለ ሆነ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም። የፀሐይ መነጽር አያድንም። የሚያድነው ለብየዳ የተሠራ፣ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ ጥቁር መስተዋት ያለው ማስክ ነው።

በቆላ አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ሙቀቱ ሲበረታ በያጁ ሸሚዙን ይከፍታል፣ በሰንደል ጫማ ይቆማል፣ እጁም ያልበዋል። በላብ የራሰ ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ በኤሌክትሮዱ መያዣ ላይ ያለው ከ50 እስከ 80 ቮልት የሚደርስ ኃይል ያን ጊዜ ሊገድል ይችላል። ደረቅ የቆዳ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ከማሽኑ አካል ጋር የተያያዘ ኤርዝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ማሽኑም ይደክማል፤ ጽሑፉ ላይ 20 በመቶ የሚል ከሆነ ከ10 ደቂቃ 2 ደቂቃ ብቻ በይዶ ማረፍ አለበት ማለት ነው። አቧራውን ለማራገፍ የሚከፍተው ሰው አስቀድሞ ሶኬቱን ይንቀል። የላላ የገመድ ማያያዣ ይግላል፤ የተሰነጠቀ ገመድም በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚታለፍ አይደለም። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ከሁሉ ያስደነቀን የዚንክ ቅብ ያለው ብረት ነገር ነው። በተዘጋ ቤት ሲበየድ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል፣ ያንቀጠቅጣል። በእኛ በይፋት ቆላ እንዲህ ያለውን ሕመም ወባ ነው ብሎ የማያልፈው ማን ነው?

ያወቅነውን ለሽማግሌው ቀጥቃጭ ሄደን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እሳቱ የማይታይ ከሆነ ልጁ በምን ይማራል?» አሉን። ጥያቄውን ይዘን ወደ ሠፈራችን በያጅ ሄድን። እርሱም ከሥራው ቀና ብሎ ግድግዳውን አሳየን፤ በአንድ ሚስማር ላይ ሁለት ማስክ ተሰቅሏል፤ አንዱ የእርሱ፣ ሁለተኛው የረዳቱ። በመንገዱ በኩልም፣ ጓደኛችን ያን ቀን ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ አሮጌ ላሜራ አቁሞ ጋርዶበታል።